ማላንካ ሐኪም ስትጠራ

ከዞሎታ ከተማ ወደ ሰሜን በሚወጣው የአፈር መንገድ ላይ አሥር የገበሬ ቤቶች ነበሩ። አሥሩም የሚነጋገሩት በአንድ የስልክ ሽቦ ነው። ስልኩ ሲጮኽ በአሥሩም ግድግዳ ላይ ይጮኻል፤ ለማን እንደሆነ የሚለየው በአጯጯኹ ነበር። ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ከሆነ ለማላንካ ቤት፣ ሦስት አጭር ከሆነ ለጎረቤቷ ለሃፊያ። ያልተጠራው ሰው ግን አርፎ አይቀመጥም። እጀታውን ቀስ አድርጎ ያነሳና ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ቤቶቹ የተራራቁ ናቸው፣ የበረዶው ወራት ረጅም ነው፣ ሰው ደግሞ የሰው ወሬ ይርበዋል። ማንም ማንንም በዚህ አይወቅስም፤ ማንም ግን አዳምጣለሁ ብሎ አያምንም። ችግሩ አንድ ነበር። ሰው እጀታ ባነሳ ቁጥር የሽቦው ጉልበት ይደክማል። ሁለት ሦስት ሰው ቢያዳምጥ ግድ የለም፤ ሰባት ስምንት ሲሆን የሚናገረው ሰው ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል።

ማላንካ ከአዳማጮቹ የባሰችም የተሻለችም አልነበረችም። ድንች እየላጠች፣ እጀታውን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ወትፋ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ለዳንስ እንደወጣች ትሰማ ነበር። የተወለደችው ወላጆቿ ከዩክሬን በመጡ ሰሞን በቀለሷት የአፈር ጎጆ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ እናቷ ስትታመም አባቷ «ላሞቹን ማን ያልባል?» ብሎ አስወጣት። ገና በልጅነቷ ፔትሮን አገባች። ከእሱ ጋር ጫካ መነጠረች፣ ድንጋይ ለቀመች፣ ሁለት ልጆች ቀበረች፣ ኦረስትን አሳደገች። ስለ ራሷ ለጠየቃት ሰው የምትናገረው ይህን ያህል ነበር። ፔትሮ እንዴት እንደሞተ ግን አትናገርም።

ፔትሮ የሞተው በመከር ወራት ነው። ስንዴው ደርሶ ማጨጃው ሲሯሯጥ ሆዱን ያዘው። መጀመሪያ «የበላሁት ጎመን ነው» አለ። በማግሥቱ ጎብጦ መሄድ ጀመረ። ማላንካ «ዶክተሩን ልጥራው» ስትለው «አትጠሪውም» አላት። ቀደም ብሎ ኦረስት ክንዱ ተሰብሮ ዶክተር ኤምስሊ አክሞት ነበር፤ የዚያ ሒሳብ አልተከፈለም። ዶክተሩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃቸውም። ፔትሮ ግን ዶክተሩን ሱቅ ውስጥ ባየው ቁጥር በጓሮ በር ይወጣ ነበር።

«ስንዴው ይሸጥ፤ የድሮውን ይዤ እሄዳለሁ» አላት። «ባዶ እጄን የሰው ደጅ አልረግጥም።»

ስንዴው ሳይሸጥ ሞተ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። በመጨረሻ ዶክተሩ ሲጠራ ሰውዬው ከእጅ ወጥቷል። ዶክተር ኤምስሊ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ለምን ቀድማችሁ አልጠራችሁኝም?» አለ። ከቀብሩ በኋላ ላባቸው የተነጨ ሁለት ዶሮዎች ወስዳ የዶክተሩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። በዚያ አገር ገንዘብ የሌለው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ዶሮ፣ እንቁላል ወይም የማገዶ እንጨት ይዞ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ኦረስት የባለ ሱቁን የኒኪፎርን ልጅ ስላቭካን አገባ፤ ሦስቱም አንድ ቤት ይኖሩ ጀመር። ከዚያ በፈረንጆቹ 1962 መጣ፤ የሚኖሩባት የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር መንግሥትም አዲስ ሕግ አመጣ። ሰው ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ያዋጣል፣ የጎደለውን ግብር ይሞላዋል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ከኪሱ የሚያወጣው የለም። ሐኪሞቹ «የመንግሥት ሎሌ አንሆንም፤ ሕጉ ሐምሌ ላይ ከጀመረ በራችንን እንዘጋለን» አሉ። አገሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። በሠርግ በለቅሶ አብረው የኖሩ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

በጸደይ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተናገረው ኒኪፎር ነበር።

«ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ» አለ። «ሰውዬው ምሳ ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱን ዘግቶ ሳንድዊቹን ይበላል፤ እናንተ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ሐኪምም የመንግሥት ደመወዝተኛ ሲሆን እንዲያ ነው የሚሆነው። እናንተ ታጣጥራላችሁ፣ እሱ ሳንድዊቹን ይበላል።»

ሰው ሳቀ። ኦረስት ከኋላ ወንበር «አንተም ሱቅ ቆመን ነው የምንጠብቀው፣ አማቼ» አለ። «የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ቢያንስ ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን አያሳርፍም።»

አዳራሹ ይበልጥ ሳቀ፤ ኒኪፎር ግን አልሳቀም። ማላንካ ነገሩን ለማብረድ ብላ ተነሣች። ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

«እኛ ገበሬዎች የበረዶ መድን አለን» አለች። «በየዓመቱ ሁላችንም እናዋጣለን። በረዶው የማን ስንዴ ላይ እንደሚወርድ ማንም አያውቅም። የወረደበት ይካሳል፣ ያልወረደበት ተመስገን ብሎ ያጭዳል። ለስንዴ ይህን ካደረግን ለሰው ማድረግ ምን ይከብደናል?» እዚህ ላይ ልትቀመጥ አስባ ነበር፤ ያላሰበችው ከአፏ ወጣ። «ፔትሮ ሲታመም ዶክተሩን ብንጠራው ይመጣ ነበር። ጥሩ ሰው ነው። ያልጠራነው እኛ ነን። ያልከፈልነው ነገር ነበረና አፍረን ቀረን። ሰው አፍሮ መሞት የለበትም።»

ተቀመጠች። ሃፊያ የኦረስት የክርስትና እናት ናት፤ እጇን ያዘችና «አበልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቀሽው ነው?» አለቻት።

በማግሥቱ ወሬው በሽቦው ገባ። በመጀመሪያው ቤት «ማላንካ ስለ ፔትሮ ተናገረች» ነበር። አምስተኛው ቤት ሲደርስ «ዶክተሩ ሳይመጣልኝ ቀረ አለች» ሆነ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከተማ ላለችው ለዶክተሩ ሚስት ደውላ «ኤምስሊ ባሌን በገንዘብ ምክንያት ገደለው ብላ በአደባባይ ከሰሰችው» ስትል ማላንካ እጀታውን ይዛ ታዳምጥ ነበር። የራሷን ቃል ተጣሞ ሰማችው። «እንዲህ አላልኩም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ተናገረች ማለት ማዳመጧን አመነች ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ማንም አድርጎት የማያውቅ ነውር ነው። አፏን ዘጋች፤ እጀታውንም ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ኤምስሊ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሲያያት ባርኔጣውን አላነሳላትም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ስላቭካ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ዳርካን ስትወልድ ምጡ አልፈታ ብሏት ዶክተሩ ሆዷን ቀዶ ነው ሁለቱንም ያተረፋቸው። ያን ጊዜ «የሚቀጥለውም የሚወጣው እንዲሁ ነው» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። «ምጥ እስኪጀምራት እንዳትጠብቁ። ቀደም ብላ ሆስፒታል ትተኛ። ምጡ ከጀመራት የድሮው ስፌት ሊተረተር ይችላል።» ቀኗ በሐምሌ ማለቂያ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሕጉ ጀመረ፣ ዶክተሩ በሩን ዘጋ፣ የዞሎታ ትንሽ ሆስፒታልም አብሮት ተዘጋ። ለድንገተኛ ነገር ክፍት የሆነው ትልቁ ከተማ ያለው ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ደረቅ መንገድና ደህና መኪና ያስፈልጋል። ደህና መኪና ያለው ደግሞ ኒኪፎር ነበር።

ኒኪፎር በዚያ ሰሞን ማላንካን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ጠብቆ አገኛት።

«ረቡዕ ወደ ዋናው ከተማ በመኪና ሰልፍ እንወጣለን» አላት። «መንግሥት ሕጉን እንዲተው። ከኔ ጋር ነይ።»

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። መኪናው ውስጥ መቀመጥ ብቻ። ማላንካ እንኳ ተጸጸተች ይባላል፤ ኤምስሊ ይሰማል። ከዚያ ስለ ስላቭካ አነጋግረዋለሁ።»

«አሁን አታነጋግረውም?»

«ሞክሬያለሁ። ያንቺ ስም ሲነሣ ፊቱ ይለዋወጣል። በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ክፈቺው።»

«የዘጋው እሱ ነው፣ ኒኪፎር። እኔ ዘንድ ቁልፍ የለም።»

ኒኪፎር ባርኔጣውን አውልቆ እያሽከረከረ ቆየ። ሲናገር ድምፁ የባለ ሱቅ ድምፅ አልነበረም።

«አንቺ የሞተ ባልሽን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ» አላት። «እኔ በሕይወት ስላለች ልጄ ነው የምለምንሽ።»

ማላንካ ጥላው ወደ ቤቷ ሄደች። መኪናው ውስጥ ብትቀመጥ የምታጣው ምንድን ነው? ማንም የማያያት አሮጊት ናት። ግን ስለ ፔትሮ እውነቱን የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንን መልሳ ከዋጠችው ፔትሮ በከንቱ አፍሮ በከንቱ እንደሞተ ይቀራል። ደግሞ ስላቭካን ታያለች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ስትነሣ፤ ሐሳቧ ይገለበጣል። እንዲህ እየተገላበጠች ረቡዕ ደረሰ።

ረቡዕ ማለዳ የኒኪፎር መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ማላንካ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ እስከ በሩ ደረሰች። የበሩን እጀታ ያዘች፤ አልከፈተችውም። መኪናው ትንሽ ጠበቀና ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ዝናቡ ጀመረ።

ማግሥቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ የጾሙ መፍቻ ነበር፤ የፔትሮም የስሙ ቀን። ማላንካና ስላቭካ ያኑ ረቡዕ ጠዋት ለነገው በዓል የዳቦ ሊጥ ያሹ ነበር። ስላቭካ እያሸች ድንገት ቆመች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ አቀረቀረች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ማላንካ።

«ወገቤን ነው። አለፈ።»

«ቀንሽ ገና ነው እኮ።»

«አለፈ አልኩ፣ እማማ።»

ማላንካ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አየች። እጇ ሊጥ ብቻ ነበር። ታጥባ ልታነሳው ስትል የዶክተሩ ፊት ታያት፣ ባርኔጣውን ሳያነሳ ሲያልፋት የነበረው ፊት። መኪናው ውስጥ አልቀመጥም ባለችበት በዚህ ቀን ምን ብላ ትጥራው? የወገብ ሕመም ብቻ ቢሆንስ? እንዲያው ትንሽ ልየው አለች። ሊጡን ሸፈነች። ዳርካን አበላች። ስላቭካ ደጋግማ ቆመች፣ ደጋግማ «አለፈ» አለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። እኩለ ቀን ሲሆን ስላቭካ ወንበር ይዛ ተንበረከከች፤ ቀሚሷ ላይ ደም ነበር።

ማላንካ ወጥታ ግቢው ውስጥ የተሰቀለውን የማረሻ ብረት በመዶሻ ደበደበች። ኦረስት ሩቅ ማሳ ላይ አጥር ሲጠግን ነበር፤ ብረቱ እንዲያ ሲመታ ሁሉን ጥሎ ይመጣል። ከዚያ ገብታ ስልኩን አነሳች።

መስመሩ ተይዟል። አንድ ሰው ከሰልፉ ደውሎ ለሚስቱ ወሬ ይነግራታል፤ መንገዱ በሙሉ እጀታ አንሥቶ ያዳምጣል።

«ልቀቁልኝ» አለች ማላንካ። «ዶክተር ልጠራ ነው።»

ባልና ሚስቱ ዘጉ። ማዞሪያውን አዞረች፤ የከተማዋ ቴሌፎኒስት ከዶክተሩ ቤት አገናኘቻት።

«ኤምስሊ ነኝ» አለ ድምፁ፣ ከሩቅ።

«ዶክተር፣ ማላንካ ነኝ። ስላቭካ ጀመራት። ደም አለ።»

«ማን ልበል? አይሰማም።»

«ማላንካ ነኝ» ብላ ጮኸች። «ስላቭካ ደም እየፈሰሳት ነው።»

«አይሰማም። ማን…» ድምፁ ሰመጠ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ዶክተር የሚለውን ቃል ሰምቶ እጀታውን የመለሰ አንድም ሰው የለም። ማላንካ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ስሙኝ» አለች። «ሁላችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ስልክ ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ስቴፋን፣ ሳልህ ይሰማኛል። አዳራሽ ያልኩትን ስታጣምሙትም ነበርኩ፤ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ዶክተሩ ባሌን ገደለው አላልኩም። አፍረን ሳንጠራው ቀረን ነው ያልኩት። አሁን እየጠራሁት ነው። እባካችሁ አስቀምጡልኝ።»

ቀጭ አለ። እንደገና ቀጭ። ከዚያ ተከታትሎ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። በመጨረሻ የአንድ ግድግዳ ሰዓት ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሃፊያ፣ አበልጄ፣ ሰዓትሽ ይሰማኛል።»

«እኔ እኮ ልረዳሽ ብዬ ነው» አለች ሃፊያ።

«አስቀምጪው።»

ቀጭ።

«አሁን ይሰማል» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ጆሮዋ ሥር መጣ። «የተናገሩትንም ከፊሉን ሰምቻለሁ። መች ነው የጀመራት?»

«ጠዋት።»

«ወይዘሮ ማላንካ፣ በሬን ዘግቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ቃል ተገባብተናል።»

«አውቃለሁ።»

«የኒኪፎር መኪናስ?»

«ሐኪሞቻችን አይሂዱብን ብሎ ይዞት ሄዷል።»

ዶክተሩ አንድ ነገር ሊል ጀመረ፤ ስልኩ ተቋረጠ። የዘጋው እሱ ይሁን ሽቦው ይሁን ማላንካ አላወቀችም። ደግማ ብትደውልም የሚመልስላት አጣች።

መጀመሪያ የደረሰችው ሃፊያ ነበረች፤ የባሏን ቦት ጫማ አድርጋ፣ በማሳው መካከል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ» አለች እጇን እየታጠበች። «አንቺ ደግሞ ስትጮኺ በጎረቤትሽ ሰዓት ትጀምሪያለሽ።» ከዚያ ስላቭካ አጠገብ ተንበረከከችና ፊቷን አይታ ቀልዷን ተወች።

ኦረስት ከማሳው እየሮጠ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ስቴፋን ነው፤ ከአዳራሹ ቀን ጀምሮ ለማላንካ ሰላምታ ነሥቷት የነበረው ጎረቤት። በሰንሰለት የሚጎትተው የዶክተሩን መኪና ነበር፤ ረግረጉ ማጠፊያ ላይ ሰምጦ አግኝቶት ነው። ዶክተር ኤምስሊ ወጥቶ ሮጦ ገባ። ስላቭካን ዳሰሳትና «አሁኑኑ» አለ።

ስላቭካን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኟት፤ ራሷ የማላንካ ጭን ላይ ሆነ። ኦረስት ከፊት ገባ፤ ዳርካን ሃፊያ ያዘቻት። ስቴፋን ጠጠሩ መንገድ ድረስ ጎተታቸው፣ ሰንሰለቱን ፈታ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ዝናብ ውስጥ ቆመ።

ዶክተሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «አዳራሽ ያሉት እንዳሁኑ ነበር?» አላት።

«እንዳሁኑ ነበር።»

«እኔ የተነገረኝ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ። ለባለቤትዎ ሲነገር አዳምጬዋለሁ።»

ኦረስት ዞር ብሎ እናቱን አየ። ዶክተሩ መኪናውን አፈጠነ። ስላቭካ የማላንካን አውራ ጣት ጨብጣ ነበር፤ እየቆየ ጭብጧ ላላ።

ስላቭካ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም። የድሮው ስፌት ተተርትሮ ነበርና ማሕፀኗንም ማትረፍ አልተቻለም። ይህን ሊነግራቸው የወጣው ዶክተር ኤምስሊ ራሱ ነው። ኦረስት ወደ ሚስቱ ገባ። ዶክተሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ማላንካ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጠዋት ብትደውሉልኝ…» አለና አቆመው።

«አፍሬ ነው» አለች ማላንካ።

ዶክተሩ ጭቃ የደረቀበትን ጫማውን እያየ ቆየ። «እኔም ጠዋቱን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ነበርኩ» አለ። «እንዲጮኽ አልፈለግሁም ነበር። ቢጮኽ ምን እንደምል አላውቅም።»



የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት በዚያ ቤት ጾም የፈታ የለም። ሊጡ ኮምጥጦ ለአሳማዎቹ ተደፋ። ሕፃኑን ፔትሮ እግር ሥር ቀበሩት። ኒኪፎር ከሰልፉ ተመልሶ በቀጥታ መቃብሩ ላይ ደረሰ፤ የመኪናው መስተዋት ላይ የለጠፈው መፈክር ገና አልተነሣም ነበር።

«መኪናው ውስጥ ብትቀመጪ ኖሮ» አላት ለማላንካ።

«መኪናውን ትተህልን ብትሄድ ኖሮ» አለው ኦረስት።

የኒኪፎርም እውነት ነበር፣ የኦረስትም እውነት ነበር። ማላንካ ግን ሦስተኛ አላት፤ ጠዋት እጇ ሊጥ ሆኖ ስልኩን ያየችበት። ሦስቱንም ይዛ ቤቷ ገባች።

ሐምሌ ሳያልቅ መንግሥትና ሐኪሞቹ ታረቁ። ሕጉ ጸና። ዶክተር ኤምስሊ በሩን መልሶ ከፈተ፤ ግን ልቡ ተነሥቶ ነበር፤ በመከሩ ማብቂያ እቃውን ጫነ። ከመሄዱ በፊት ማላንካ ላባቸው የተነጨ ሁለት ዶሮዎች ይዛ ሄደች።

«አሁን እኮ መንግሥት ይከፍለኛል፣ ወይዘሮ ማላንካ» አላት።

«ያን ቀን በርዎ ዝግ ነበር» አለችው። «ያን ቀን የከፈለዎት የለም።»

ተቀበላት። ባርኔጣው ራሱ ላይ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ያነሳላት ይሆን ነበር ብላ አሰበች።

ዞሎታ ያለ ሐኪም ከረመች። ሰው በሳለ ቁጥር «የማላንካ ሕግ መጣ፣ የኛ ሐኪም ሄደ» ይል ነበር። እንዲህ የሚሉት በሽቦው ነው ይባላል፤ እሷ አልሰማችም። ከዚያ ቀን በኋላ ለእሷ ካልሆነ እጀታ አንሥታ አታውቅም።

«ኮራሽብን» አለቻት ሃፊያ አንድ ቀን። «ሰው እኮ ሲያማሽ የሚያዳምጠው ሲያጣ ደስ አይለውም።»

«አንቺ አለሽለት» አለች ማላንካ።

ኒኪፎር የልጅ ልጁን ሊያይ ይመጣል፤ አጥሩ ላይ ቆሞ ያያታል እንጂ ቤት አይገባም። ስላቭካ ማላንካን አልወቀሰቻትም። ያ ይበልጥ ከበዳት። አንድ ነገር ብቻ አደረገች፤ መኪና መንዳት ተማረች። ኦረስት አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ነበር፤ ስላቭካ በየማሳው ላይ እያዞረች፣ አጥር እየሰበረች፣ ማንም ሳይጠይቃት ተለማመደች።

በሁለተኛው ዓመት ከእንግሊዝ የመጣ ወጣት ሐኪም የኤምስሊን ቤት ተከራየ። በዚያው መከር ማላንካን ሆዷን ያዛት። ስንዴው እየታጨደ ነው፤ ለአጫጆቹ ምሳ ማድረስ አለባት። ድንቹን ልጣ ከጨረሰች በኋላ ጎንበስ ብላ ስትሄድ ስላቭካ አየቻት።

«መች ነው የጀመረዎት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«የትኛው ዛሬ?»

ማላንካ ዝም አለች።

«ይነሡ» አለች ስላቭካ። ቁልፉን ከግድግዳው አወረደች።

ማላንካ ግን በጓሮ በር ወጥታ ወደ ዶሮዎቹ ቤት አመራች። ስላቭካ ተከትላት ክንዷን ያዘቻት።

«ዶሮ አያስፈልግም፣ እማማ።»

«ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅዎን።»

መንገዱ ደረቅ ነበር። ረግረጉ ማጠፊያ ላይ ሲደርሱ ስላቭካ ቀስ አደረገች፤ ካለፉት በኋላ ፍጥነቷን ጨመረች።

ሐኪሙ ቤት አግዳሚው ወንበር ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ማላንካ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ጥሩ አልመሰላትም። ከሻርፗ ሥር ከተተችው። አወጣችው። የሚያማት ላይ አሳረፈችው። ማንም አላያትም፤ እሷ ግን የታየች መሰላት። በሩ ተከፍቶ ስሟ ሲጠራ እጇን ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ተነሥታ ገባች።